አባቴ የሚቆጥራት ሞገድ

ከተማችን መንቀጥቀጥ ከጀመረች ወዲህ ሰው ሁሉ አዋቂ ሆኗል። ዳቦ ጋጋሪው ንዝረቷ ሙቀት ሲበዛ ነው የምትመጣው ይላል። የታክሲ ሹፌሩ የለም፣ ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚብስባት ባይ ነው። ፀጉር ቆራጩ ድመቷ አልጋ ሥር ከገባች ሱቁን ይዘጋል፤ ድመቷ ደግሞ ከአልጋ ሥር ወጥታ አታውቅም። ይሄን ሁሉ ሰምቼ በሳቅ ማለፍ እችላለሁ። ደሜን የሚያፈላው አባቴ ነው፤ ምክንያቱም የእሱ ዕውቀት ከእኔ የተገኘ ነው።

የምሠራው የመሬት ንዝረት መከታተያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ስክሪን ላይ የሚወጡትን መስመሮች አነባለሁ፤ ንዝረቷ ከየት ተነሳች፣ ምን ያህል ከበደች፣ እሱን እጽፋለሁ። ለሳምንታት መስመሩ አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብሎ አልዋለም፤ እኔም እንደዚያው። ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። ወንበር ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አርፎ አይቀመጥም፤ ጎኔ ያለው ባልደረባዬ «እባክሽ እግርሽን ያዢ፣ መሣሪያው አንቺንም እየመዘገበሽ ነው» ይለኛል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ሻይ እቀዳለሁ፣ አልጠጣውም፣ ሌላ እቀዳለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። አንድ የጡብ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሴት ሰፊዎች ቀጥሮ ያሠራል። ሕንፃው ከእሱም ከእኔም በፊት የነበረ ነው፤ ጡቡን ከጡቡ ጋር ያያያዘው ልማድ ብቻ ይመስለኛል። ጣሪያው ጠርዝ ላይ የድንጋይ ጌጥ ተደርድሯል፣ ከሥሩ ደግሞ በሩ ነው። ሰፈሩ አባቴን «ራዲዮ» ይለዋል። ማን ታመመ፣ ማን ቤት ቀየረ፣ ውሃ መቼ ይመጣል፣ ከእሱ መስኮት ነው የሚሰማው። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ነው የተቀበለው።

መንቀጥቀጡ በጀመረ ሰሞን ቁርስ ላይ ነዘነዘኝ። «አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ ሩቅ መሆኗን በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ነገርኩት። መሬት ውስጥ ድንጋይ ሲሰበር ሞገዶቹ እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ግን አይደርሱም። የመጀመሪያዋ ፈጣን ናት። ሰልፍ ላይ ከኋላ የተገፋ ሰው ከፊቱ ያለውን እንደሚገፋው፣ መሬቱን ወደፊት እየገፋች ወደኋላ እየሳበች ትመጣለች። ብዙ ጊዜ ደጅ ላይ ከባድ መኪና ያለፈ ነው የምትመስለው። እኛ ጣቢያ «ገፊዋ» እንላታለን። ሁለተኛዋ ቀርፋፋ ናት፤ ክፋቷ ግን የባሰ ነው። መሬቱን ወደ ጎን ትወዘውዘዋለች፤ ግድግዳም የምትሰነጥቀው እሷ ናት። «ወዝዋዧ» እንላታለን። ከሁለቱ ኋላ የመሬቱን ቆዳ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ አንዷ ግራና ቀኝ ትጥመዘመዛለች፣ አንዷ እንደ ውሃ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። እነሱን «አርፋጆቹ» ብለናቸዋል። ስላረፈዱ ቀላል እንዳይመስሉ፣ ወዝዋዧ ያላላችውን የሚጥሉት እነሱ ናቸው።

«እሺ፣ ሩቅ መሆኗስ?» አለ፣ ዳቦው እጁ ላይ ቀርቶ።

«ሁለት ሰው እኩል ሩጫ ቢጀምር፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ፈጣኑ ቀርፋፋውን ጥሎት ይሄድ የለ? ከገፊዋ እስከ ወዝዋዧ ያለውን ትቆጥራለህ። ብዙ ከቆጠርክ ሩቅ ናት። ገና አንድ ሁለት ስትል ከደረሰች ቅርብ ናት።»

በዚያው ቀን ራዲዮ አዲስ ፕሮግራም ጀመረ። ንዝረት በመጣ ቁጥር መቀሱን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ሴቶቹ ከመርገጫው ላይ እግራቸውን ያነሳሉ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ከዚያ መስኮቱን ይከፍትና «ሩቅ ናት! ወደየሥራችሁ!» ይላል። ዳቦ ጋጋሪው ወደ ምድጃው፣ ፀጉር ቆራጩ ወደ ደንበኛው ይመለሳል። ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አባትሽ እኮ ከናንተ መሣሪያ ይፈጥናል» ይሉኝ ነበር። ሳቅኩ። እውነት ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ግን ሳቄን ቀማኝ። ገፊዋና ወዝዋዧ ተጣብቀው ነበር የደረሱት፤ በመሐላቸው ሁለት እንኳ በቅጡ አይቆጠርም። መነሻዋ ከከተማው ጀርባ ያለው ኮረብታ ሥር ነበር። ደግነቱ ትንሽ ናት። ወዲያው አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ተሰማችህ?»

«እንዴት አትሰማኝም! ዘጠኝ ቆጠርኩ። ሩቅ ናት፣ አታስቢ።»

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ። እትዬም አብራኝ ቆጥራለች፣ ጠይቂያት።»

እትዬ የምንላት ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ናት፤ ከአባቴ ጋር ስትሠራ እኔን አሳድጋኛለች፣ በመቁጠርም አትታማም። ስልኩን ዘጋሁ። ቦርሳዬንም ሳልይዝ ወጣሁ።

ደረጃውን ወጥቼ ስገባ አባቴ ጨርቅ እየቆረጠ ነበር። «መጣሽ? ቁጭ በይ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ክፍሉ እንደ ሁልጊዜው ይጮኻል። የእነዚያ አሮጌ የስፌት መኪናዎች ሞተር፣ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ብታነሳም አይቆምም፤ መርፌው ይቆማል እንጂ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ወለሉ ጣውላ ነው። ንዝረቱ በጫማዬ ሶል ገብቶ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል። ልጅ ሆኜ እዚያው ወለል ላይ ነበር የምተኛው፣ እና ለምጄው ልብ ብዬው አላውቅም።

ከአባቴ ጋር ስንነታረክ ሌላ ንዝረት መጣች። አምፖሎቹ ወደ ጎን ተወዛወዙ። አባቴ መቀሱን አነሳ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ጀመረ፤ ሴቶቹ ዝም አሉ። ስምንት ላይ ሲደርስ ወለሉ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ አለ፣ የቆምኩበት ጀልባ መሰለኝ። «ደረሰች!» አለና ወደ መስኮቱ ሄደ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ገፊዋ ለእኔም አልተሰማችኝም! በዚያ ሁሉ ሞተር መሐል ሹልክ ብላ አልፋለች። አባቴ መቁጠር የሚጀምረው ከሁለተኛዋ ነው፤ የሚጨርሰው አርፋጆቹ ሲደርሱ ነው። ከተማችን ያለችው ለስላሳ አፈር ላይ ስለሆነ አርፋጆቹ እዚህ ሲንፏቀቁ ነው የሚመጡት። እሱ ሩቅ ናት የሚላት አጠገባችን ናት። ይሄን ያህል ጊዜ ሰውን ከጣሪያ ሥር ያስቀመጠው በዚህ ቆጠራ ነው።

መስኮቱን ሳይከፍት እጁን ያዝኩት። «አባዬ፣ ተሳስተሃል» አልኩት፤ ሁሉንም እዚያው፣ በሴቶቹ ፊት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጆሮው ሥር ቀስ ብዬ ልነግረው ይገባ ነበር፤ ግን እኔ ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም። ፊቱ ቅጭም አለ።

«አልተሰማችኝም ነው የምትይው?»

«አልተሰማችህም። ለእኔም አልተሰማችኝም።»

«ካልተሰማችኝ የለችማ።» ወደ ጨርቁ ዞረ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ መኪናዎቹ ጩኸታቸውን ቀጠሉ።

ለመንኩት። ከሕንፃው ጎን ባዶ ሜዳ አለ፤ ሸራ ወጥሮ እዚያ ይሥራ አልኩ። «ነጭ ሸሚዝ አቧራ ላይ?» አለ። ቢያንስ ሞተሮቹን በየሰዓቱ አጥፋቸው አልኩ። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ልጆቹን ራቁታቸውን ልስደድ?» አለ። ታዲያ ጣሪያው ቢወርድስ ብዬ ጮህኩ። እሱም ጮኸ፤ «መቼ ነው የሚወርደው? ቀኑን ንገሪኝና እወጣለሁ!»

ይቺ «መቼ» የምትባል ቃል የሥራችን መርገም ናት። የጠየቀኝን ሰው ሁሉ ስቆጣ ኖሬአለሁ። መቼ እንደምትመጣ ማንም አያውቅም፤ እኛም አናውቅም፤ መሣሪያውም አያውቅም። አለቃዬ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ፣ አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «እኛ የመጣችውን እንናገራለን። የምትመጣውን የሚናገር ሰው ከዚህ በር ይውጣ።» ሌላ ደንብ የለንም ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ጠዋት ኮረብታው ሥር ሌላ ተነሳች፣ ከፊተኛዋ ከበድ ያለች። በስክሪኑና በመስኮቱ መሐል ላይ ታች እያልኩ ያንን የአባቴን ሕንፃ የድንጋይ ጌጥ በሐሳቤ አየዋለሁ፤ ይወርዳል፣ በሩ ላይ፣ ልክ ሰው ሲወጣ። ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ። ስልኩን አነሳሁና ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁ።

«አባዬ፣ ነገ ከቀትር በፊት ትልቋ ትመጣለች። መሣሪያው አሳይቶናል። ሴቶቹን ይዘህ ውጣ። ለማንም እንዳትናገር።»

ለራዲዮ! ለማንም እንዳትናገር! ምን ነክቶኝ እንደሆነ እኔ እንጃ። እሱ ግን «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። «እሺ፣ እናቴ» ብሎ ዘጋው። እናቴ የሚለኝ ሲያዝንልኝ ብቻ ነበር፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

በነጋታው ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ፍራሽ ተነጥፏል። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን አጥፍቶ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ፀጉር ቆራጩ ድመቷን በካርቶን ይዟታል። አሮጊቶች በወንበር ከነብርድ ልብሳቸው ወጥተዋል፤ አንድ ሰውዬ በሩን ነቅሎ ተሸክሞ ሲሄድ አየሁት፣ ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ከሁሉም አፍ የሚሰማው አንድ ነው፤ «ጣቢያው ተናግሯል።»

አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። መስመሩ ቀጥ ብሏል። ያ ለሳምንታት ዕረፍት የነሳን መስመር በዚያ ጠዋት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። አንዲት ትንሽ ንዝረት እንኳ የለችም። ሻይ ቀዳሁ፣ ደፋሁት። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ቀትር እየቀረበ ሲሄድ አንድ ነገር በሆዴ ውስጥ አገኘሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንድትመጣ ፈልጌ ነበር። ሰው ሁሉ ውጭ ነው፣ አሁን ትምጣና እውነተኛ ታድርገኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ የራሴ ሐሳብ ራሴን አስፈራኝና ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

አለቃዬ ስልካቸውን እንደያዙ ገቡ። «ከማናችን ነው ይሄ ሁሉ ሰው የሰማው?» አሉ፣ ለሁላችንም።

«ከእኔ ነው» አልኩ። ምክንያቱንም ነገርኳቸው።

አልጮሁም። ቢጮሁ በተሻለኝ። «ነገ እውነቱን ስንነግረው ማን ይሰማናል?» አሉ። «አንዲት ቃል ነበረችን፣ አናውቅም የምትል። እሷን ነው ያበላሸሽብን።» የመግቢያ ካርዴን እንዳስቀምጥ ጠየቁኝ። አስቀመጥኩ። ባልደረባዬ እግሬን አየ፤ አይንቀሳቀስም ነበር።

መንገድ ላይ ስወጣ ፍራሹ ወደየቤቱ እየተመለሰ ነበር። ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። «ነቢይት! ለነገስ ምን ታየሽ?» አለ ፀጉር ቆራጩ፣ ድመቷም ካርቶኑ ውስጥ ሆና የሰደበችኝ መሰለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ሊጡ ተበላሽቶበታል፤ እሱስ አልተናገረኝም፣ ፊቱን ብቻ አዞረ። የበለጠ ያቃጠለኝ ያ ነው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልልም፤ በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም።

አባቴ እየተሳቀበት ወደ ፎቁ የወጣ መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ፤ በሩ ተቆልፏል። ሞተሮቹ ዝም ብለዋል። በደረጃው መስኮት ወደ ሜዳው ሳይ ግን አየሁት።

ሸራ ወጥሯል። ሁለት በርሜል ላይ ሰሌዳ አጋድሞ ጨርቅ ይቆርጣል። እትዬ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ሌሎቹ ሴቶች ነጭ ሸሚዞቹን በአንሶላ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ሰፈሩ በሙሉ ገብቷል፤ እነሱ ግን አልገቡም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያቸዋል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። አባቴ ቀና ብሎም አያይም።

ወረድኩ። አጠገቡ ደርሼ ቆምኩ። ብናዘዝ ተመልሶ ሕንፃው ውስጥ ይገባል፤ ባልናዘዝ በእኔ ውሸት ሲሳቅበት ይውላል።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩ። «መሣሪያው ምንም አላሳየም።»

«አውቃለሁ» አለ፣ መቀሱን ሳያቆም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ስትደውይ። 'ቀኑን የሚናገር ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ' እያልሽ ስትጮሂ ነው እኮ ቤቴ ውስጥ የኖርሽው። ሌባ አይደለሽም። እብደትሽን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ያለ አይደለም።» ጨርቁን በእጁ ዳበሰ። «ያንን ሥራሽን ከእኔ አስበልጠሽ ነው የምትወጂው እያልኩ ስቀና ኖሬአለሁ። እሱን ጥለሽ ከዋሸሽልኝማ የእውነት ፈርተሻል ማለት ነው አልኩ። ስለዚህ ወጣሁ።»

እንባዬ መጣ። ንዴቴም አብሮት መጣ፣ እኔ እንዲህ ነኝ። «ታዲያ ውሸት መሆኑን ካወቅክ ለምን ለሰው ሁሉ ነገርክ? ለማንም አትንገር ብዬህ! ሥራዬን አጣሁ እኮ!»

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

«ጣሪያው የኔ ብቻ ነው? አንቺ ለአባትሽ ፈራሽ፣ ለአባትሽ ደወልሽ። የእነዚህ ሴቶች ልጆች ጣቢያ አይሠሩም። የዳቦ ጋጋሪው ልጅም አይሠራም። ማን ይደውልላቸው?»

ለሳምንታት ስክሪን ላይ ያፈጠጥኩት ለከተማው ሁሉ ነበር፤ ስልክ ያነሳሁት ግን ለአንድ ሰው ነው። እትዬ ክሩን በጥርሷ በጥሳ «ሰፈሩ ገብቷል፣ እኛ እስከ መቼ ነው እዚህ?» አለችኝ። «ቁርጡን ንገሪኝና ጥላ ላምጣ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሴቶቹ፣ አባቴ፣ ሸራው ሥር ሊያሾፍ የቆመው የታክሲ ሹፌር ሳይቀር።

«አላውቅም» አልኩ። «ነገ ልትመጣ ትችላለች። የዛሬ ዓመት ልትመጣ ትችላለች። ላትመጣም ትችላለች። ማንም አያውቅም።»

ሹፌሩ ሳቀና ሄደ። ከሴቶቹ አንዷ ሸሚዞቹን አስቀምጣ ተነሳች፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል አባቴን አየችው፣ ወደ ሕንፃው ሳይሆን ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሎቹ ቆዩ። እትዬ ሌላ ቁልፍ አነሳች።

አባቴ የፎቁን በር ቁልፍ ከኪሱ አወጣና የሕንፃውን የድንጋይ ጌጥ አንጋጦ አየ። «ትልልቆቹ የስፌት መኪናዎች ፎቅ ላይ ቀርተዋል» አለ። «ለብቻዬ አልችላቸውም። ነይ፣ አንድ በአንድ እናውርዳቸው።»